ስም የሌለው ዱካ

ይህ የሆነው እኛ አገር አይደለም። እኛ አገር ቢሆን ኖሮ እንዲህ በድፍረት አልጽፈውም ነበር። የሆነው እኔም ስሟን በማላውቃት፣ እናንተም ብታውቋት ባትጠሯት በሚሻል አንዲት አገር ነው።

በዚያች አገር ሰው ሁሉ ጫማ የሚያገኘው በነጻ ነው። የዱካ ቤት የሚባል አንድ ትልቅ ቤት አለ፤ ሕፃን ገና መቆም ሲጀምር በልኩ ይሰፋለታል፣ ሲያድግ ይቀየርለታል፣ ሲያልቅ ይታደስለታል። ጫማው ደግሞ እንዲህ በዋዛ የሚታይ አልነበረም። ለስላሳ ነው፣ ጭቃ አይዘውም፣ እሾህ አይበሳውም። በዚያ ላይ መንገድ ያውቃል ይባልለታል፤ መንገድ የጠፋበት ሰው ዝም ብሎ ቢከተለው ገበያ ያደርሰዋል። "ይህን ሁሉ ደግነት በምን እንመልሰው?" ብለው የጠየቁ ሽማግሌዎች ነበሩ አሉ። "ምንም አንፈልግም፤ እናንተ ብቻ ተራመዱ" ተባሉ።

ታዲያ የእያንዳንዱ ጫማ ሶል የየራሱ ቅርጽ አለው፤ የአንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። ሰው በሄደበት ሁሉ ያ ቅርጽ መሬት ላይ ይቀራል፤ ከኋላው ደግሞ ዱካ ለቃሚዎች ይመጣሉ። ለቃሚዎቹ የሰሌን ባርኔጣ ያደረጉ፣ ጨዋ፣ ቀና ብለው የሰው ፊት የማያዩ ሰዎች ናቸው። መሬት መሬቱን ብቻ ነው የሚያዩት። በዱካው ላይ ስስ ሰም ይጭናሉ፣ ቅርጹን ያነሣሉ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይጽፉበታል፣ በቅርጫታቸው ይዘው ይሄዳሉ። ማን ደጅ እንደቆምክ፣ ስንት ጊዜ እንደተመላለስክ፣ በማን በር ስታልፍ እርምጃህ እንደዘገየ፣ ሁሉም ዱካ ቤት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

ሰው ይህን አያውቅም ነበር አይባልም። ጫማውን ሲቀበል አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ የሚያትምበት ጥቅል ብራና አለ፤ የእሺታ ብራና ይባላል። ርዝመቱ አርባ ክንድ ነው። አንድ መሪጌታ "እኔ ሳላነብ አላትምም" ብለው ጀምረው ነበር። በሦስተኛው ቀን ዓይናቸው እንባ በእንባ ሆኖ፣ ገና ስምንተኛው ክንድ ላይ ሳሉ፣ ከኋላቸው የተሰለፈው ሕዝብ "ኧረ አባታችን፣ እኛም እግር አለን!" ቢላቸው ጊዜ አትመው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ያነበበ ሰው የለም።

ይህን ሁሉ ዱካ ምን ያደርጉታል ብትሉኝ፣ ሌላውን አላውቅም፤ አንዱን ግን አገሩ በሙሉ ያውቀዋል። ዓመቱ ሲያልቅ፣ ጳጉሜን አንድ ቀን፣ የእያንዳንዱ ሰው ዓመት በከበሮና በዜማ በአደባባይ ይነበብለታል። የዱካ በዓል ነው የሚሉት። ሰው እንዴት እንደሚወደው! ልብስ የሚታጠበው ለሱ፣ ጠጉር የሚሠራው ለሱ ነው። "ዘንድሮ ከክራር መቺው ደጅ ሦስት መቶ ጊዜ ተመላልሰሃል፤ ካገሩ ክራር ወዳጅ ሁሉ የሚበልጥህ የለም!" ሲባል ሰውዬው ደረቱን ነፍቶ ይወጣል፤ አንገቱ ላይ የአበባ ጉንጉን ያጠልቁለታል። ጉንጉኑንም ደርቆ እስኪረግፍ ደጁ ላይ ሰቅሎ ያሳያል። ዱካው ጥቂት የሆነበት ሰው ያፍራል። እንዲያውም ነሐሴ ሲጋመስ እንዲሁ በከንቱ ወዲያ ወዲህ እያሉ ዱካ የሚጨምሩ ነበሩ።

በዚያች አገር ይመኙሻል የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ያለቻት አንዲት ልጅ ናት፤ ወለላ። ወለላን ደመላሽ ለሚባል ፈረስ ነጋዴ ዳረቻት። ደመላሽ ሰው ፊት ጨዋታ አዋቂ ነው፤ በሩን ሲዘጋ ግን ሌላ ሰው ነው። ወለላ ሁለት ጊዜ ወደ እናቷ ሸሽታ መጣች፤ ሁለት ጊዜም ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ደመላሽን ይቅርታ አስብሎ መለሳት። በሦስተኛው፣ በመስቀል ማግሥት፣ የትከሻዋ አጥንት ተሰብሮ መጣች። ጫማዋን እሱ ቤት ጥላ በባዶ እግሯ ነበር የመጣችው። እናቷ ክንዷን በመቀነት አሰረችላትና "አሁንስ ሽማግሌ አልጠራም" አለች።

ያገሩ ሕግ ግን የኮበለለች ሚስት ያገኘ ሁሉ ለባሏ ይመልሳት የሚል ነው። ስለዚህ ይመኙሻል ልጇን ዱካ ለቃሚ የማይገባበት ቦታ ወሰደቻት። ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ቁልቁል ተወርዶ፣ ወንዙ ዳር፣ የቆዳ ፋቂዎች መንደር አለ። ያ ሁሉ የነጻ ጫማ ቆዳ የሚለፋው እዚያ ነው፤ የሚያለፉት ሰዎች ግን ጫማ የላቸውም። ሽታው ከባድ ስለሆነ ለቃሚዎቹ አፋፉ ላይ ሲደርሱ አፍንጫቸውን ይዘው ይመለሳሉ። እማማ ዘነቡ የሚባሉ አሮጊት ቆዳ ፋቂ ወለላን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋትና "ትግባ። የሚፈልጋት ቢመጣ እንኳ ሽታው ይመልሰዋል" ብለው ተቀበሏት።

ደመላሽ በየዘመዱ ቤት ፈልጎ አጣት። ዱካ ቤት ሄዶም ጠየቀ። "የሚስትህ ጫማ አንተ ቤት ነው ያለው፤ ስለዚህ ሚስትህ ከቤት አልወጣችም" አሉት።

አሁን የይመኙሻል ጭንቀት አንድ ሆነ፤ ልጇን እንዴት አድርጋ ትያት? በጫማዋ ከሄደች ዱካዋ ይለቀማል። አንድ ቀን ይህን እያሰበች ደጇ ላይ ተቀምጣ ሳለ ጎረቤቷ አዛለች መጣች። አዛለች ሳቂታ ናት፤ አገር ምድሩን የምታውቅ፣ ሁሉም የሚያውቃት።

"ይመኙ፣ ምነው ዱካሽ ቀነሰ? በጳጉሜን ልታሳፍሪን ነው እንዴ?"

"እግሬን እያመመኝ።"

"እኔ ከቅቤ ነጋዴዋ ደጅ ብቻ አምና መቶ አርባ! ዘንድሮ መቶ ስልሳ ካላደረስኩ ምን አለች በይኝ።"

"አዛሉ፣ ከኋላ ከኋላሽ ሲለቅሙሽ ግን አይጨንቅሽም?"

"ምን ይጨንቀኛል? አልሰረቅሁ! እግዚአብሔርስ ሁሉን ያይ የለም እንዴ?"

"ያያል። እሱ ግን አይቶ ዝም ማለት ያውቅበታል።"

አዛለች ከት ብላ ሳቀች። "ቆብ ነው የቀረሽ! ነይ ይልቅ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ፣ ረቡዕ ነው ዛሬ፣ ቅዳሴ እንዳያመልጥሽ።"

ይመኙሻል መላውን ያገኘችው ያን ዕለት ነው። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሰው ሁሉ ጫማውን አውልቆ ይገባል። ረቡዕ ደግሞ ጾም ነው፤ ቅዳሴው ዘግይቶ ነው የሚያልቀው። እሷም ጫማዋን ከሰው ጫማ መሀል አሰለፈች፣ ደጁን ተሳለመች፣ "ይቅር በለኝ" አለች፣ በጓሮው አጥር ሾልካ በባዶ እግሯ ወረደች። በነጠላዋ ሥር በሶና ተልባ ይዛለች። ጫማ ለለመደ እግር ቁልቁለቱ አሜኬላና ስለታም ድንጋይ ነው፤ በዚያ ላይ የግራ እግሯን ትንሿን ጣት በልጅነቷ መጥረቢያ ወስዶባት ስለነበር ወደ አንድ ጎን ያዘነብላታል። ቢሆንም ደረሰች። ከዚያ ወዲያ አንድም ረቡዕ አልቀረችም።

ወለላ ትከሻዋ ሲሻላት ከእማማ ዘነቡ ጋር ቆዳ መፋቅ ጀምራ ነበር። እናቷ ስትመጣ አጠገቧ ቁጭ ብላ ጠጉሯን ትፈታላታለች።

"እማዬ፣ ዛሬም ቅዳሴ አስቀረሁብሽ።"

"ማርያም ታውቃለች። ልጇን ይዛ የተሰደደች እሷ አይደለች?"

"ሽታው ግን አያስጠላሽም?"

"ምን ሽታ?"

"አዪዪ! እኔስ ለምጄዋለሁ። አሁን የሚሸተኝ ያንቺ ሳሙና ነው።"

እማማ ዘነቡ ከማዶ ሆነው "ሰማሽ፣ ልጅሽ እኛን ሆነች። ከኛው ለአንዱ ብንድራትስ?" ይላሉ፤ ሦስቱም ይስቃሉ። ወለላ ስትስቅ አፏን በእጇ መሸፈን ትታ ነበር። እናትየዋ ይህን አይታ ወደ ደጅ ወጥታ ዓይኗን ትጠርጋለች።

ይመኙሻል የተሳሳተችው አንድ ነገር ላይ ነው። ለቃሚዎቹ የጫማ ዱካ ብቻ የሚለቅሙ መሰላት። እነሱ ግን መሬት ላይ ያለውን ምንም ነገር አይተዉም። ባዶ እግር የረገጠውንም ያነሣሉ፤ ብቻ ሶል ስለሌለው ባለቤቱ አይታወቅም፣ ስለዚህ "ስም የለሽ" ተብሎ በሌላ ክፍል ይቀመጣል። ዱካ ቤትም ስለዚህ ነገር በየዓመቱ ይምል ነበር፦ ስም የሌለው ዱካ ማንንም አይነካም።

ጳጉሜን አንድ ቀን ደረሰ። ዝናቡ ቆም ብሎ፣ አደባባዩ ጥቅጥቅ ብሎ ነበር። የዱካ ቤቱ አለቃ ሊቀ ዱካ እንግዳሸት ይባላሉ፤ ድምፀ መልካም፣ የሰው ስም ሲጠሩ እንደ አክስት የሚያቆላምጡ ሰው ናቸው። አዛለች መቶ ስልሳ ሁለት ተባለላትና ጉንጉኗን አጥልቃ እየዘለለች ተመለሰች። ደመላሽም ከወዳጆቹ ጋር ከፊት ቆሟል።

"ወይዘሮ ይመኙሻል!" አሉ ሊቀ ዱካ። ከበሮው ተመታ። "ዘንድሮ ከጥቅምት ወዲህ አርባ ሰባት ረቡዕ፣ አንድም ሳይጎድል፣ ጫማዎ ከማርያም ደጅ እስከ ቅዳሴ መጨረሻ ቆሟል! ካገሩ ጸሎተኛ ሁሉ አንደኛ!"

እልልታው ቀለጠ። ይመኙሻል ያልጸለየችው ጸሎት በከበሮ ተዘመረላት።

"እኔ አይደለሁም" አለች ቀስ ብላ።

"ጫማ አይዋሽም፣ እመቤቴ።"

"እኔ እኮ…"

"ትሕትናዋን እዩልኝ!" አሉ ሊቀ ዱካ ወደ ሕዝቡ ዞረው፤ እልልታው ጨመረ። ጉንጉኑን አጠለቁላት። አዛለች ከኋላ "የኔ ጻድቅ! እኛንም አስቢን!" ብላ ጮኸች፤ ሰው ሳቀ።

ቀጥሎ የመጨረሻው መጣ። ሕዝቡ ከሁሉ ይልቅ የሚወደው ይህን ነው፣ ምክንያቱም የማን ይሆን እያሉ መገመት አለ። ሊቀ ዱካ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። "አሁን ስም የለሾቹን እናነባለን። የማን እንደሆኑ እኛም አናውቅም፣ ለማወቅም አንፈልግም፤ የሰው ገመና እናከብራለን። የዓመቱ ታማኝ ባዶ እግር፦ ትንሿ ጣት የሌለችው፣ ባለ አራት ጣት ግራ እግር! አርባ ሰባት ረቡዕ፣ ከቤተ ክርስቲያን ጓሮ እስከ ቆዳ ፋቂዎች አፋፍ፣ ደርሶ መልስ!"

አደባባዩ በሳቅ ፈረሰ።

"ፍቅር ነው ይሄ!"

"ፋቂ ወዳ ነው!"

"አምስተኛዋን ጣት ፍቅር በልቶባት ይሆን?"

ሁለቱ አርባ ሰባት ተከታትለው ተነበቡ፤ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ያገናኛቸው ሰው አልነበረም። ከአንድ በቀር። በዚያ አገር ሙሽራ በሠርጉ ቀን የአማቱን እግር በገዛ እጁ ማጠብ አለበት። ደመላሽ የይመኙሻልን እግር አጥቦ፣ አድርቆ፣ ስሞ ነበር።

ሳቁን አቁሞ ወደ እሷ ዞረ። ፊቷን አላየም። ጫማዋን ነው ያየው። ከዚያ ሕዝቡን እየገፋ ፈረሱ ወደታሰረበት መሄድ ጀመረ።

ይመኙሻልም ለመውጣት ተንቀሳቀሰች። አንድ ባለ ባርኔጣ የዱካ ቤት ሰው መንገዷ ላይ ቆመ።

"ጉንጉን ያጠለቀ ሰው ሳይጠየቅ አይወጣም፣ እትዬ። የዘንድሮውን ንባብ እንዴት አገኙት? ከአምስት ስንት ይሰጡናል?"

"አምስት።"

"ለዜማው ነው ለከበሮው?"

"ለሁሉም! ልቀቀኝ ወንድሜ።"

"ለወዳጅዎ ይመክራሉ ወይ?"

"እመክራለሁ፣ እመክራለሁ፣ በማርያም!"

"አውራ ጣትዎን እዚህ ላይ…"

አተመችለት። ከዚያም ጫማዋን አውልቃ እዚያው ጥላ፣ በሰው መሀል በባዶ እግሯ ሮጠች።

እግሯን ያየችው አዛለች ናት። አፏ ላይ የነበረው ሳቅ እንደተከፈተ ቀረ። አራት ጣት። ረቡዕ። የጠፋችው ወለላ። አዛለች ወሬ ለማገናኘት ጊዜ የሚፈጅባት ሴት አልነበረችም። ቀሚሷን ሰብስባ ሮጣ ደመላሽ እርካቡን ሳይረግጥ ደረሰችበትና ክንዱን ያዘች።

"አቶ ደመላሽ! የኔን ሰምተህልኛል? መቶ ስልሳ ሁለት!"

"ልቀቂኝ ሴትዮ!"

"ኧረ እንኳን ደስ ያለሽ በለኝ! ጉንጉኔን ሳታይ? እስቲ ያንተስ ስንት ሆነ? ፈረሱስ ዱካ ይለቀምለታል?" እያለች ልጓሙን ያዘች፣ ጉንጉኗን አንገቱ ላይ ልታጠልቅ ታገለች፣ ሰው ቆሞ ሳቀባቸው። ገፍትሮ ጥሏት እስኪሄድ ጥቂት ጊዜ አለፈ። ያቺው ጥቂት ጊዜ በቃች።

ይመኙሻል ስትደርስ እግሯ ደም በደም ሆኗል። ወለላ የቆዳ መፋቂያዋን ይዛ ቀና አለች።

"ምን ሆንሽ እማዬ?"

"መጣ።"

ሌላ ጥያቄ አልተጠየቀም። እማማ ዘነቡ ሁለት የተነፋ አቁማዳ ከግድግዳ አወረዱና ገመድ አሰሩበት። ወንዙ በጳጉሜን ሙሉ ነው፤ ፈረስ አይሻገረውም፤ ቆዳ ፋቂዎቹ ግን ዕድሜ ልካቸውን በአቁማዳ ሲሻገሩት ኖረዋል። ከማዶ ሌላ አገር ነው።

ወለላ አቁማዳውን ደረቷ ላይ እያሰረች "እማዬ፣ ስሚኝ፣ የእማማ ዘነቡ እኅት ያለችበትን መንደር ልንገርሽ" አለች። እናቷ አፏን በመዳፏ ሸፈነችው።

"አትንገሪኝ።"

"እማዬ!"

"እኔ ካወቅሁ እግሬ ያውቃል። እግሬ ካወቀ እነሱ ያውቃሉ። አትንገሪኝ፣ ልጄ።"

"ታዲያ እንዴት ትመጫለሽ?"

"አልመጣም።"

ወለላ አላለቀሰችም፤ የእናቷን እግር ጎንበስ ብላ በእጇ ጠረገችው፣ ደሙን፣ ጭቃውን፣ ከዚያ ውኃ ውስጥ ገባች። እማማ ዘነቡም አብረዋት ገቡ። ይመኙሻል ሁለቱን ራሶች አየች፤ አንዱ ሽበት፣ አንዱ ጥቁር። ከወንዙ መታጠፊያ ወዲያ አልታዩም።

ደመላሽ አፍንጫውን ይዞ ደረሰ።

"የት አለች?"

"አላውቅም።"

ያን ዓመት ሙሉ ያልዋሸችበት መልስ ይህ ብቻ ነበር። ደመላሽ ዳር ዳሩን ፈለገ፤ ጭቃው ላይ የእግር ምልክት አለ፣ ውኃው ላይ የለም። እጁን አነሣ፤ ቆዳ ፋቂዎቹ መፋቂያቸውን እንደያዙ አንድ በአንድ ከየደጃቸው ሲወጡ አየና መልሶ አወረደው።

ከሳምንት በኋላ ይመኙሻል ዱካ ቤት ተጠራች። ልቀጣ ነው ብላ ነበር። ሊቀ ዱካ ግን በፈገግታ ተቀበሏት። "እንኳን ደስ አለዎት፤ በበዓሉ ዕለት በባዶ እግርዎ ሲሮጡ ስም የለሹ ዱካ ባለቤት አገኘ። አሁን ከስምዎ ሥር አስገብተነዋል። የሁለት ጉንጉን ባለቤት ነዎት።"

"ይጥፋልኝ" አለች።

"ይቻላል! መብትዎ ነው። የሚጠፋው ዱካ አንድ በአንድ፣ ከነቀኑ ከነመንገዱ፣ በአደባባይ ይነበብና የእርስዎ መሆኑ በሦስት ምስክር ሲረጋገጥ ወዲያው ይጠፋል።"

ይመኙሻል አመሰግናለሁ ብላ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ከቤቷ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤቷ ናት። ወደ ወንዙ አትሄድም፤ ወንዝ ወዳለበት አቅጣጫ ፊቷን እንኳ አታዞርም። ከማዶ የሚመጣ ነጋዴ ሲያጋጥማት መንገድ ትለውጣለች፣ ሳታስበው እንዳትጠይቀው። አዛለች አንዳንድ ቀን መጥታ አጠገቧ ትቀመጣለች፤ ስለ ዱካ አያነሡም። ልጅቷ ደርሳለች ወይስ ውኃው ወስዷታል፣ ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እናቷም አታውቅም።

ረቡዕ ረቡዕ ጫማዋን ደጅ አውልቃ ትገባለች፤ አሁን እስከ መጨረሻው ትቆማለች። አንድ ረቡዕ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ የሚታሰቡ ሰዎችን ስም እየጠየቁ ሲመጡ ከእሷ ደረሱ።

"ማንን ላስብልሽ፣ ልጄ? ስም ንገሪኝ።"

"ስሟን አልጠራም፣ አባ።"

"ታዲያ ለማን ብዬ ልጸልይ?"

ይመኙሻል መሬት መሬቱን አየች።

"ወንዝ ለተሻገረች በሉልኝ።"

አባ መስቀላቸውን አነሡና "ወንዝ ስለተሻገሩ ሁሉ" ብለው ጀመሩ።